ለትልቅ ሰው ምን ይባላል?

«ወደቅሁ» አለች ብርቅዬ፣ መጥረጊያዋን ከበሩ አጠገብ እያስደገፈች።

ታቢታ ከደብተሯ ቀና አለች። «ኧረ ባክሽ እማዬ! ከአንቺ የተሻለ ማን ይጠርጋል?»

«መጥረጉንስ አለፍሁ። ነፋሱ ከሐይቁ ሲመጣ ጀርባዬን ሰጥቼ ጠረግሁ፤ ቦዩንም አጸዳሁ። ጎሽ ብለውኝ ነበር።» እናቷ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። «አፌ ነው የጣለኝ። አማርኛዬ።»

ታቢታ ክው አለች።

ብርቅዬ የማዘጋጃ ቤት የቀን ሠራተኛ ናት፤ ገና ሳይነጋ መናኸሪያው አካባቢ ትጠርጋለች። ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት ሠራተኞችን አሠልጥኖ ሊፈትን፣ ላለፉትም የሙያ ምስክር ወረቀት ሰጥቶ በቋሚነት ሊቀጥር ተነሣ። ቋሚ ሠራተኛ ካኪ ልብስ ይሰጠዋል፤ ታሞ ቢቀርም አይባረርም። ችግሩ፣ ለታቢታ ማለት ነው፣ ቋሚዎቹ የሚመደቡት በዋናው አስፋልት ላይ መሆኑ ነው። አስፋልቱ ደግሞ በትምህርት ቤቷ በር ያልፋል።

ለጓደኛዋ ለሮማን «እናቴ ማዘጋጃ ቤት ነው የምትሠራው» ብላታለች። ውሸት አልነበረም። ሮማን ግን ጠረጴዛና የጽሕፈት መኪና ነው የታያት፤ ታቢታም እንዲያው ይታያት ብላ ተወቻት።

ባለፈው እሑድ እናትና ልጅ ለቃል ፈተናው ሲለማመዱ ነበር። ብርቅዬ አማርኛ የለመደችው ገበያ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚቀናት ሲዳምኛ ነው። ፈተናው እስኪያልፍ ግን በአማርኛ ካልሆነ አታናግሪኝ ብላ ነበር።

«ለትልቅ ሰው በአማርኛ ሌላ አነጋገር አለ አይደል?» ብላ ጠየቀች።

ታቢታ እናቷ ካኪ ለብሳ በትምህርት ቤቱ በር ስትጠርግ ታየቻት። «እሱ ድሮ ነው» አለች፣ አራዳ መሆኗ ነበር። «አሁን አብዮት ነው፤ ሁሉም ጓድ፣ ሁሉም አንተ ነው።» ብርቅዬም በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰዎች ጓድ ሲባባሉ ሰምታለችና አመነቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ታቢታ ግን ሳምንቱን ሙሉ ማረም ትችል ነበር። አላረመችም።

«ምን ብለው ጠየቁሽ?» አለች አሁን፣ እያወቀችው።

«ፈታኙ አቶ ኃይለጊዮርጊስ የሚባል ነው፣ ሽበታም። ‹እኔ መንገድ ላይ እጣቢ ስደፋ ብታገኚኝ ምን ትይኛለሽ?› አለኝ። ‹ጓድ፣ አንተ፣ እዚህ አትድፋ!› አልሁት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። ‹ሽማግሌ የማታከብርን ሴት በሰው በር ላይ አላሠማራም› አለ።» ብርቅዬ አንገቷን ደፋች። «አንቺ በደንብ አስተምረሽኝ ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ቅዳሜ ለወደቁት ሌላ ፈተና አለ፤ እኔ ግን አልሄድም። አፍሬያለሁ።»

ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ካኪ የለም፣ አስፋልት የለም፣ ሮማንም ምንም አታይም። ታቢታ ይህን አሰበችና ራሷን ተጸየፈች።

«አላበላሸሽም» አለች። «ያልሽው እኔ ያልኩሽን ነው። ለትልቅ ሰው ‹እርስዎ› ነው የሚባለው። አውቅ ነበር።»

«ለምን?»

«ትምህርት ቤታችን በር ላይ እንዳይመድቡሽ። ሮማን እንዳታይሽ።»

ብርቅዬ ልጇን ትኩር ብላ አየቻት። ብትቆጣት በተሻላት ነበር።

«ተነሺ» አለቻት በመጨረሻ። ታቢታ ልትመታኝ ነው ብላ ተነሣች። እናቷ ግን የዕቃ ማጠቢያውን ሳፋ አስያዘቻት። «አንቺ ሽማግሌው ነሽ። እጣቢ ልትደፊ ነው። ምን ልበልሽ?»

ታቢታ ነገረቻት። ብርቅዬ መጥረጊያዋን ይዛ ከልጇ ፊት ቆመች፤ እጅ ነሣችና «አባቴ፣ እባክዎ እዚህ አይድፉ» አለች።

የገዛ እናቷ አንቱ ስትላት ታቢታ የምትገባበት ጠፋት።

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አለች።

«እንግዲያው ደግመን» አለች እናቷ።

ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎች ለጽዳት ዘመቻ በትምህርት ቤቱ በር ተሰብስበው ነበር። ብርቅዬ ለድጋሚ ፈተናው ከልጇ ጋር ከቤት ስትወጣ ወደ ጓሮው መንገድ ታጠፈች። «በዚህ እንሂድ። እዚያ ጓደኞችሽ አሉ።»

ታቢታ መጥረጊያውን ከእናቷ እጅ ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አደረገችና ወደ አስፋልቱ ወጣች። ሮማን ከሩቅ አይታት ሮጣ መጣች፤ መጥረጊያውን አየች፣ ብርቅዬን አየች።

«እናቴ ናት» አለች ታቢታ። «መንገድ ነው የምትጠርገው። ዛሬ ፈተና አለባት።»

ሮማን ትንሽ ግራ ተጋባች። ከዚያ ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ?» አለች።

ብርቅዬ ወደ ልጇ ዘወር ብላ በሹክሹክታ «እኔን ነው?» አለቻት።

«አንቺን ነው፣ እማዬ» አለች ታቢታ፣ መጥረጊያውን ወደ ሌላው ትከሻዋ እያዛወረች። «ለትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚባለው።»