ከሦስት ቀጥሎ አምስት

ኔታኔል ደርሶን የሰደበው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከዳስ በዓል ከሱኮት በኋላ በዋለው ማክሰኞ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ፣ አቲቆት ሰፈር፣ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ክበብ፣ ሞዓዶን። ሰባት ሴቶች ይሰሙ ነበር። ጽዳት ሠራተኛው ደርሶ ኮምፒውተር መማር እፈልጋለሁ ቢል፣ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ኔታኔል በዕብራይስጥ፣ «ለእሱ መጥረጊያው ይበቃዋል» ብሎ ሳቀ። ደርሶ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ነው፤ የሚሰደብበትን ቋንቋ ግን አሳምሮ ይሰማል።

በዚያው ሳምንት የሞዓዶኑ ጸሐፊ ጋሼ አስፋው ከጎናቸው አስቀምጠው መተየብ አስተማሩት።

ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ደርሶ በሩን ሲከፍት፣ እኒያው ጋሼ አስፋው ጠረጴዛቸው ላይ ግንባራቸውን ደፍተው ቀዝቅዘው አገኛቸው። አጠገባቸው ባዶ የእንቅልፍ ክኒን ጠርሙስ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ የስንብት ደብዳቤ ተከፍቶ ነበር።

ፖሊሱ ኦር እዚሁ አሽቀሎን የተወለደ ልጅ ነው፤ አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም። ደብዳቤውን ያነበበችለት ጎረቤቲቱ ትዋበች ናት። ሰምቶ ሲጨርስ ራሳቸውን ገድለዋል ብሎ ጻፈ፤ ማንም ምንም እንዳይነካም አዘዘ።

ይኼን ጊዜ ነው ባለቤታቸው እትዬ ሀረጓ የደርሶን እጅጌ የያዙት። ራሱን ያጠፋ ሰው ከወገኑ ተለይቶ አጥር ስር ይቀበር የሚሉ ሽማግሌዎች ገና አሉ፤ ሁለቱ ከወዲሁ በር ላይ ቆመው ይንሾካሾኩ ነበር።

«አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ አጥር ስር ብቻውን አላስተኛውም» አሉ። «እዚህ የሚሠራውን የምታውቅ አንተ ነህ። እይልኝ።»

ደርሶ መነጽሩን አድርጎ ከስክሪኑ ፊት ቆመ።

1. ሀረጓ፣ ይቅር በይኝ።
2. ልጄ ጊዲ፣ ይቅር በለኝ።
3. ኔታኔል፣ ስለ ጭቅጭቁ ይቅር በለኝ።
5. ጎረቤቶቼ ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወሬውን ሰምተው የመጡትን አንድ በአንድ ጠየቀ። ኔታኔል ከሟቹ ጋር ሰኞ ዕለት መጯጯኹን አልካደም፤ የተጣሉት አዳራሹ በሚከፈትበት ሰዓት ጉዳይ ነው፤ ሽማግሌው ግትር ነበሩ አለ። ቀጥሎም አንተን ማን መርማሪ አደረገህ ሲል ጠየቀ። ደርሶ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። ልጃቸው ጊዲ ከጦር ሰፈር የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ትዋበች ለሰፈሩ ሰው ማመልከቻ ትተይባለች፤ ማታ ማታም ለጋሼ አስፋው አብሽ በጥብጣ ታመጣላቸው ነበር። ትናንትም አመጣሁ፣ ደህና እደሩ ብዬ ሄድኩ አለች። ስትናገር ነጠላዋን ሦስት ጊዜ አስተካከለች።

ደርሶ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ኔታኔል ቢሆንለት ደስ ባለው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ቀን ነው። ጣቱን መቀሰር ብቻ ነበር የቀረው፤ አልቀሰረም። ኦርን ሁሉንም ሰብስብልኝ አለው።

ሲሰበሰቡ ከኮምፒውተሩ ጎን ቆመ።

«ጋሼ አስፋው ሰው በቁጥር አይጠራም ይሉ ነበር። ሰው የተቆጠረ እንደሆነ ይጎድላል ብለው ይፈራሉ። ለዕቃ ለወንበር ቁጥር ይሰጣሉ። ለሰው ግን ኮምፒውተሩን ራሳቸው አስተካክለውታል፤ የዝርዝሩን ቁልፍ ስትጫን በቁጥር ፈንታ ትንሽ ኮከብ ነው የሚያወጣው። ኦር፣ አዲስ ገጽ ክፈትና ተጫነው።»

ኦር ተጫነ። ኮከብ ወጣ።

«የሰው ዝርዝራቸውን ከኔ በቀር ለማንም አላሳዩም። ይህን የጻፉት እሳቸው አይደሉም፤ የጻፈው ሰው ቁልፉን ሲጫን ኮከብ መጣበት፤ አጠፋና ቁጥሩን በእጁ መታ። ቁጥሩ ላይ ጠቅ አድርግ። ኮምፒውተሩ ያወጣው ቁጥር ቢሆን ጠቋሚው መሀሉ አይገባም ነበር።»

ጠቋሚው በአንድ ቁጥርና በነጥቡ መካከል ገብቶ ብልጭ ድርግም አለ።

«በእጅ የተመታ ቁጥር ደግሞ መስመር ሲሰረዝ ራሱን አያስተካክልም። ከሦስት ቀጥሎ አምስት የሆነው ለዚህ ነው። አራተኛ ሰው ነበር።»

«ማን ነው ታዲያ?» አለ ጊዲ በዕብራይስጥ።

«አንተ አይደለህም፤ ትናንት ማታ ጦር ሰፈር ነበርክ። ኔታኔልም አይደለም፤ ቢሆንልኝ በወደድኩ። የአባቱን ፊደል የማያነብ ሰው ይህን ደብዳቤ አይጽፍም።»

የኔታኔል ጆሮ ቀላ። ነጻ ያወጣው ያው አለማወቁ ነበር።

«ደብዳቤው ከተጻፈ ወዲህ አልተዘጋም» አለ ደርሶ። «እኔ አልነካውም። ኦር፣ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቀስት ተጫን።»

ኦር አንዴ ተጫነ። ከሦስትና ከአምስት መካከል አንድ መስመር ተመልሶ ተዘረጋ። ደርሶ ቀስ ብሎ አነበበው።

«አራት። ትዋበች፣ ወንድምሽን ከዝርዝሩ ስላወጣሁት ይቅር በይኝ።»

እትዬ ሀረጓ ወደ ትዋበች ዞሩ። ጋሼ አስፋው ጎንደር የቀሩ ዘመዶችን ስም እየሰበሰቡ ወደ እስራኤል መግባት ለሚፈቅደው መሥሪያ ቤት ይልኩ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። የትዋበች ወንድም መውጣቱን ግን ከነገሯት ከራሷ በቀር የሰማ አልነበረም። ጽፋው ሲያበቃ በራሷ ላይ እንደሚመሰክር ገባትና ሰረዘችው።

ትዋበች አልካደችም። አገጯን ቀና አደረገች።

«አሥራ ስምንት ዓመት ጠብቋል። የእናትሽ ልጅ አይደለም፣ ያሳደጋችሁት ነው አሉኝ። ለወንድምነቱ እኔ አልበቃም? ነገ ሐሙስ ዝርዝሩ ይላክ ነበር። ክኒኑን በአብሹ በጥብጬ አጠጣኋቸው። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም።»

ኦር ክንዷን ይዞ ሲያወጣት አንገቷን አልሰበረችም። እትዬ ሀረጓ ወንበር ላይ ተቀመጡና ባላቸው ከአባቱ ጎን እንደሚቀበር በር ላይ ለቆሙት ሽማግሌዎች ነገሯቸው፤ አልጠየቋቸውም። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ።

ኔታኔል ደርሶን መተላለፊያው ላይ ደረሰበት። የጸሐፊው ቦታ ባዶ ነው አለ፤ ኮሚቴው ዛሬውኑ ሊወስን ይችላል፤ እሱ ራሱ ይደግፋል። እጁን ዘረጋ።

«ምን ትላለህ?»

ደርሶ የተዘረጋውን እጅ አየው፤ ፊቱንም አየው። ከዚያ ጃኬቱን ከመስቀያው አንሥቶ በኔታኔል ጎን አለፈና ወደ ግቫት ጺዮን ሰፈር የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሄደ።