የጋለ ክንድ

አሠልጣኙ ዶን ኦቪዲዮ ካልካኞ ሞተው የተገኙት ዕድሜያቸውን ሙሉ በቆሙበት ቦታ፣ ልጆች የቤዝቦል ኳስ መወርወር በሚለማመዱበት የአፈር ጉብታ ላይ ነው። ከግራ ጆሯቸው ከፍ ብሎ የበለዘ እብጠት ይታያል፤ ከራሳቸው ትንሽ ራቅ ብላ አንዲት ነጭ ኳስ ወድቃለች። ቀኝ ክንዳቸው እንደ ወትሮው ከክርኑ ታጥፏል። በወጣትነታቸው ሲወረውሩ ከውስጥ ከተበጠሰ ወዲህ ተዘርግቶ አያውቅም ነበር። አስከሬኑን ጠዋት መጀመሪያ ያየችው የልጆቹ ማሠልጠኛ ካምፕ ምግብ አብሳይ ናት።

ኢንስፔክተር ዙሌማ ፖላንኮ ከባኒ ከተማ ስትደርስ የአካባቢው ፖሊስ ሳጅን ምርመራውን በራሱ ጨርሶ ጠበቃት።

«ነገሩ ቀላል ነው፣ ኢንስፔክተር። ኳስ ነው የመታቸው። ሰው የሚገድል ኳስ የሚወረውር ደግሞ በዚህ ካምፕ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ያዲኤል ሶሪያኖ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ይወረውራሉ፤ እሱ ይተኩሳል። በሰዓት ዘጠና አምስት ማይል! ዛሬ እኮ አሜሪካኖቹ አይተውት ሊያስፈርሙት ነበር። ምን ዓይነት ዕድለ ቢስ ልጅ ነው?»

ሳጅኑ ከልቡ አዝኗል፤ ለሟቹ ይሁን ለፊርማው ግን እኔንጃ። አልፈርድበትም። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ሲወለድ ጎረቤት መጥቶ መጀመሪያ የሚዳብሰው ክንዱን ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ካልፈረመ ፈላጊው ይቀንሳል፤ አሥራ ስምንት ሲሞላው ዞር ብሎ የሚያየው አይገኝም። ስለዚህ ልጆቻችን አጥንታቸው ሳይጠና ይወረውራሉ፣ እያመማቸውም ይወረውራሉ። እኛም አጥር ላይ ተደግፈን እናጨበጭባለን።

ፖላንኮ ቤዝቦል አትወድም። ይህንን በአደባባይ ስለምትናገር የገዛ ወንድሟ አኩርፏት ያውቃል። አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ እብጠቱን ለረጅም ጊዜ አየችና አጠገቧ ወደቆመው ሐኪም ዞረች።

«ዶክተር፣ ኳስ በቀጥታ ሲመታ የስፌቱ ምልክት ቆዳ ላይ ይቀራል አይደል?»

«ቁልጭ ብሎ! በየሳምንቱ የማክመው እሱን ነው።»

«እዚህስ ይታይዎታል?»

ሐኪሙ መነጽሩን አስተካክሎ ጎንበስ አለ። «ስፌት የለም። ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው፤ የሻካራ ጨርቅ ምልክት ይመስላል። ፎጣ ነገር።»

«መቼ ሞቱ?»

«ትናንት፣ ጀምበር ስትጠልቅ ገደማ።»

የካምፑ ባለቤት ታቪቶ ኡሬኛ ድምፁ ከሰውነቱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ትናንት አመሻሽ ባኒ ውስጥ ዶሚኖ ሲጫወት ነበር። «አብረውኝ የነበሩትን ጠይቂያቸው፤ ስላሸነፍኳቸው አይረሱኝም» አለ።

«ዶን ኦቪዲዮ ከማን ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ከሁላችንም! ሰሞኑን ያዲኤልን ኳስ ከለከሉት። ፎጣ አስይዘው አየር ላይ ያወናጭፉታል፤ እሱም ቀስ እያለ። መልማይ ሊመጣ ፎጣ! ‹ዶን ኦቪዲዮ፣ አሜሪካኖቹ እኮ ፎጣ አይገዙም› አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«‹ክንዱን ታውቀዋለህ፤ ልጁን ግን አታውቀውም› አሉኝ። እንዲህ ናቸው፣ ነፍስ ይማር፤ ጨዋታ ማበላሸት ይወዱ ነበር።»

መልማዩ ዊልሰን ማቴዮ የኳስ ፍጥነት የሚለካበትን መሣሪያ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው የተቀመጠው። የአንድ አሜሪካዊ ቡድን ሰው ነው፤ የተወለደው ግን እዚሁ ነው።

«ሟቹ ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ሊያነጋግሩኝ ፈልገው ነበር፤ ስለምን እንደሆነ አልነገሩኝም» አለ። «ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ በድልድዩ በኩል ወደ ከተማ እየነዳሁ ነበር። ያዲኤልን ወንዙ ውስጥ አየሁት፤ እስከ አንገቱ ተዘፍዝፏል።»

«ብቻውን?»

«ሌላ ሰው አላየሁም። ደስ ነው ያለኝ። ከሙከራ በፊት የሚያርፍ ልጅ ብልህ ነው።»

ያዲኤልና አባቱ ምግብ ቤት ውስጥ ነበሩ። አባትየው ክሪስፒን በሞተር ብስክሌት ሰው እያመላለሰ የሚኖር፣ ሲናገር የሚያባራ የማይመስል ሰው ነው። ልጁ ቁመቱ የትልቅ ሰው፣ ፊቱ የሕፃን ነው። ተቀቅሎ የተፈጨ የፕላንቴይን ሙዙን በግራ እጁ ይበላል፤ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሟል። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ አልተቆለፈም።

«ትናንት አመሻሽ የት ነበራችሁ?» አለች ፖላንኮ።

«ወንዙ ዳር፣ አሸዋው ላይ» አለ ክሪስፒን። «ሲወረውርልኝ ነበር። እሳት ነው የሚተፋው! መዳፌ እስካሁን ያቃጥለኛል።»

«ከዚያ ዋኘ?»

«አዎ፤ እንደጨረስን ታጥቦ ወጣ።»

«ያዲኤል፣ እንዲህ ነው?»

ልጁ ከሳህኑ ቀና አላለም። «አባባ እንዳለው ነው።»

ምግብ አብሳይዋ በረዶ የተሞላ የውሃ ብርጭቆ አምጥታ በልጁ ቀኝ በኩል አስቀመጠች። ክሪስፒን ብርጭቆውን ገፍቶ ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«ሴትዮ፣ አብደሻል? አሁን ነው በቅባት አሽቼ ያሟሟቅኩት! የጋለ ክንድ አጠገብ በረዶ?»

«ይጎዳዋል እንዴ?» አለች ፖላንኮ፣ የዋህ መስላ።

«ይጎዳዋል? ይገድለዋል እንጂ! ይህ ልጅ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ከወረወረ በኋላ እስኪነጋ ጣቱን እንኳ ውሃ አስነክሬው አላውቅም። እናቱ ናት የምታጎርሰው። አንድ ቀን ዝናብ መጣብን፤ ሸሚዜን አውልቄ ክንዱን ጠቅልዬ እኔ ራቁቴን ነው ቤት የገባሁት።»

«ጥሩ አባት ነህ» አለች ፖላንኮ። ወዲያው ግን ከአፏ ባልወጣ አለች።

ውጭ የክሪስፒን ሞተር ዛፍ ሥር ቆሟል። ወንበሩ በፀሐይ ስለሚግል እዚህ አገር ሞተሩ ላይ ፎጣ የማያነጥፍ የለም፤ ስለዚህም ማንም ልብ አይለውም። ፖላንኮ ገለጥ አድርጋ አየችው። የካምፑ ፎጣዎች ሁሉ ያላቸው ሰማያዊ መስመር አለበት። አንዱ ጫፍ ክብ ነገር ተቋጥሮበት እንደነበር ሁሉ ተለጥጦና ተጨማዶ ቀርቷል። የምግብ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ገዳዩን አውቃዋለች፤ ግን ጥርጣሬውን ከልጁ ላይ ለማንሳት ክንዱ መበላሸቱን መናገር አለባት፤ መልማዩም መስማቱ አይቀርም። ሌላ መንገድ ፈለገች። አጣች።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሁሉንም ጉብታው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ሴኞር ማቴዮ፣ እርስዎ ቢሄዱ እመርጣለሁ።»

«ለምን ይሄዳል?» አለ ክሪስፒን። «ልጄን ሊያይ ነው የመጣው። እኛ የምንደብቀው የለንም።»

መልማዩ ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ፖላንኮ ተነፈሰችና ጀመረች።

«ዶን ኦቪዲዮን የገደላቸው የተወረወረ ኳስ አይደለም። ቆዳቸው ላይ ያለው የፎጣ ምልክት ነው። ኳሷ ፎጣ ውስጥ ተቋጥራ ነበር፤ ፎጣው ደግሞ ሞተርህ ላይ ተነጥፏል፣ ክሪስፒን።»

«ፎጣ የሌለው ሞተር አምጪልኝ!»

«የካምፑን ፎጣ ያነጠፈ፣ ጫፉ ኳስ የተቋጠረበት ሌላ ሞተር አንተ አምጣልኝ። ሌላም አለ፤ ‹ልጄ ወንዙ ዳር ሲወረውርልኝ ነበር› አልከኝ። ሴኞር ማቴዮ ደግሞ ልጁን እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ አይተውታል። ክንዱ እንዳይረጥብ ራቁትህን ቤት የገባህ ሰው፣ ከወረወረ በኋላ ወንዝ ውስጥ ዝም ብለህ ልታየው? ያዲኤል አልወረወረም፤ አንተም አጠገቡ አልነበርክም። ብቻውን ነበር። ሕመሙን በቀዝቃዛ ውሃ እያስታገሰ ነበር።»

«የምን ሕመም?» አለ ታቪቶ።

«በግራ እጁ ነው የሚበላው፤ የአንገቱን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አልቻለም። ዶን ኦቪዲዮ ኳስ ለምን ከለከሉት ይመስልሃል? ክንዱ እንደሳቸው እንደሚሆን አውቀው ነው። ዛሬ ጠዋት ለሴኞር ማቴዮ ሊነግሩ ነበር። ክሪስፒን፣ ኳሷን ፈትተህ አጠገባቸው ጣልካት። አቅጣጫ የሳተች የልምምድ ኳስ ትምሰል ብለህ ነው። ግን እንደዚያ የሚወረውር ክንድ የማን እንደሆነ በየመንገዱ ለተሳፋሪ ሁሉ የተናገርከው አንተው ነህ። ሳጅኑ ኳሷን እንዳየ የጠራው የልጅህን ስም ነው።»

ክሪስፒን ይህ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጨርሶ አልታየውም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ያዲኤል።

ሁሉም ዞሩ። ልጁ ከባልዲው ኳስ አንስቶ ጉብታው ላይ ወጥቷል።

«እኔ ነኝ የወረወርኩባቸው። አባባ ምንም አላደረገም። ክንዴም ምንም አልሆነ።»

«ያዲኤል፣ ኳሷን አስቀምጣት» አለች ፖላንኮ። «ማንም ወርውር አላለህም።»

«ልጄ፣ ተው» አለ ክሪስፒን። «ልጄ፣ በእናትህ፣ ተው።»

«ሁልጊዜ ወርውር የምትለኝ አንተ ነህ» አለ ልጁ።

ፖላንኮ ሮጠች፤ አልደረሰችም። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ አንድ ነገር ቀው አለ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው። ያዲኤል ክርኑን ይዞ ተንበረከከ።

ክሪስፒን መሬት ላይ ተቀመጠ። «ፎጣ ብቻ ክንድ አያጠነክርም ብዬ ኳስ ቋጥሬበት ሳለማምደው ዶን ኦቪዲዮ ደረሱብኝ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ልጁን ወደ ቤት ሰደዱት። እሱ ወደ ወንዙ ሄዷል ለካ። ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ዓመት ተኩል እረፍት አሉኝ። ዓመት ተኩል! ያን ጊዜ ማን ያየዋል? ለመንኳቸው። ‹ነገ ለመልማዩ እነግረዋለሁ› ብለው ፊታቸውን ሲያዞሩብኝ… ፎጣው እጄ ላይ ነበር።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ የልጁን ክርን ሲነካው ልጁ ገፋው፤ መልማዩን ነው የሚያየው። ማቴዮ መሣሪያውን ሳያስበው፣ በልማድ ብቻ፣ ወደ ኳሷ አንስቶት ኖሯል።

«ስንት ነው?» አለ ያዲኤል።

ማቴዮ ቁጥሩን አየ። አጠገቡ የቆመችው ፖላንኮም አየችው። ሰማንያ አንድ ይላል።

«ዘጠና ስድስት» አለ ማቴዮ።

«ሰማችሁ?» አለ ክሪስፒን፤ ሳጅኑ እጁን ወደኋላ እያሰረው። እንባው እየወረደ ይስቃል። «ዘጠና ስድስት! ሳጅን፣ ሰማህ? እንዲህ ዓይነት ክንድ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ ሳጅኑ።

ልጁም ፈገግ አለ። ማቴዮ መሣሪያውን አጥፍቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ማንንም ሳይሰናበት ወደ መኪናው ሄደ።