የሻዕባን ጨረቃ ምስክር

ከደሴ ወደ ሐይቅ በምትወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሀውራ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀምጣ ነበር። መኪናዋ በአንድ ጠመዝማዛ ላይ ስትታጠፍ የጥቅሉ ጫፍ አጠገቧ የተቀመጠውን ወጣት ጉንጩ ላይ መታው። ወጣቱ ሊቆጣ ዞረ። ፊቷን ባየ ጊዜ ግን ቁጣው በረደ።

«ይቅርታ ወንድሜ፤ አመመህ?»

«ኧረ ምንም አይደል... ቧንቧ ነው እንዴ?»

«ቴሌስኮፕ ነው። ጨረቃን የማይበት።»

ረዳቱ ይህን ሰምቶ፣ ጨረቃ ለማየት የሚሄድ መንገደኛም ቢሆን ወንበር እስከያዘ ድረስ ሂሳብ እንደሚከፍል ለተሳፋሪው ሁሉ አስታወቀ። ሰው ሳቀ። ወጣቱ ጥቅሉን ከእጇ ተቀብሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ እስከ ሐይቅ ከተማ አደረሰላት። ሲወርዱም በሁለት እጁ አስረክቧት፣ በአክብሮት ተሰናብቷት፣ የራሱን ሻንጣ መኪናዋ ውስጥ ረስቶ ቀረ። ከሳውዲ የስደት ዓመታት የተረፈው ንብረት ሁሉ ወደ ውጫሌ ሲገሰግስ፣ እሱ ባጃጅ አስቁሞ ከኋላ ያባርር ጀመር። ሀውራ ከአስፋልቱ ዳር ቆማ ሳቋን መግታት አቃታት።

ከወር በኋላ የተሰበረ ስልኳን ይዛ አዲስ ወደ ተከፈተች የጥገና ሱቅ ስትገባ፣ ከመስተዋቱ ኋላ የተቀመጠው ያው ወጣት ነበር።

«ሻንጣህን አገኘኸው?»

«ውጫሌ መናኸሪያ ደረስሁበት። አገሩን ለማየት ከእኔ ይልቅ እሱ ቸኩሎ ነበር።»

ስሙ ዑበይዱላህ ነው። እሷም ስሟን ነገረችው፤ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ እንደምታስተምር፣ አባቷም ሼህ አብዱልከሪም እንደሆኑ። የአባቷን ስም ሲሰማ ዑበይዱላህ በተቀመጠበት ተስተካከለ። ሼህ አብዱልከሪም የሃይማኖት ተማሪ የሆኑ ደረሶችን ነሕው፣ ማለትም የዐረብኛ ሰዋስው፣ የሚያቀሩ፣ ከአንድ ጋቢና ከአንድ ሰሌን የበለጠ የማይሹ ሰው ናቸው። በእርሳቸው ፊት ቃል ያለ ቦታው አይውልም፤ የተነገረም ቃል አይታጠፍም።

ሀውራ በየሳምንቱ በስልኳ የሚደርሳት አንድ መልእክት ነበራት። በዓለም ዙሪያ ፕላኔቶችንና ጨረቃዎችን የሚያጠኑ ሰዎች የሚለዋወጡት ዜና ነው፤ የትኛዋ መንኰራኵር እንደመጠቀች፣ የት ጉባኤ እንደተጠራ፣ የትኛው ቡድን ተመራማሪ እንደሚፈልግ ይነግራል። መልእክቱ በደረሳት ቁጥር እግሯ ወደ ሱቁ ያመራ ጀመር። ዑበይዱላህም ገና ከበር ስትገባ «ዛሬስ ከሰማይ ምን ተሰማ?» ይላታል። እሷ ቆማ ታወራለች፤ እሱ የያዘውን ስልክ አስቀምጦ ያዳምጣል። ማርስ ላይ ስለሚሄድ ተሽከርካሪ፣ በጨረቃ ደቡብ ዋልታ ጥላ ውስጥ ስለተደበቀ በረዶ ነገረችው። ጨረቃን በሕይወቱ ሙሉ አይቷታል፤ እንዲህ ሲወራላት ግን ሰምቶ አያውቅም። እንዲህ የሚያወራላት ሰውም አይቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ሀውራ እየሮጠች መጣች።

«ዑበይድ፣ ወጣ! የምጠብቀው ማስታወቂያ ወጣ።»

በጀርመን አገር የጨረቃን ገጽ የሚያጠና ቡድን አንድ ወጣት ተመራማሪ ይፈልጋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተምራል፤ ወጪውንም ይሸፍናል። የጠየቀው ዕውቀት ሁሉ አላት። ሁሉንም አነበበችለት። እሱም ደስ አለው፤ ደስታው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ሦስት ዓመት የሚለውን ሲሰማ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«ሀውራ... ከመሄድሽ በፊት ሽማግሌ ልላክ?»

«ልታስቀረኝ ነው?»

«ልጠብቅሽ ነው እንጂ።»

 «እንግዲያው ላክ» አለችው።

የተላኩት ሽማግሌዎች ሁለት ናቸው፤ የሠፈሩ ታላቅ ሐጂ ሙሐዲንና ከእርሳቸው ጋር ዐርባ ዓመት የተጎራበቱት ጋሽ ቢያድግልኝ። ሼህ አብዱልከሪም በአክብሮት ተቀበሏቸው። ነገሩን ከሰሙ በኋላ፣ ከዘመድ መክረው መልሱን እንደሚሰጡ፣ ቀጠሮውም ከረመዳን በፊት የሚገባው የሻዕባን ወር ጨረቃ በታየች ማግስት እንደሆነ ነገሯቸው። ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ።

በዚያው ሰሞን ሀውራ ያመለከተችበት ቡድን መልስ ሰጣት። ከብዙ አመልካቾች መካከል ለቃለ መጠይቅ ከተመረጡት ጥቂቶች አንዷ ሆናለች። ቃለ መጠይቁ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በቪዲዮ ይካሄዳል። ለአባቷ ስትነግራቸው «ዕውቀት ፈልጊ፤ በትክክል ፈልጊው» አሏት እንጂ አልተከራከሯትም። ለዑበይዱላህ ስትነግረው «አብሽሪ፣ ያንቺ ነው» አላት። ቀኑንና ሰዓቱንም ነግራዋለች። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ የከሰሰችው በዚህ ነው።

ሐሙስ ደረሰ። በቤታቸው ውስጥ ኔትወርክ ደህና የሚይዘው ከእልፍኙ መስኮት ሥር ብቻ ስለነበር ሀውራ ጠረጴዛውን ወደዚያ አስጠግታ፣ ስልኳን አቁማ፣ ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች።  ሰዓቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በሩ ተንኳኳ።

«አሰላሙ አለይኩም፤ ቤቶች!»

ሐጂ ሙሐዲንና ጋሽ ቢያድግልኝ ነበሩ። ለመልሱ መጥተዋል።

ሴት ልጅን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቱ በተቀመጡበት ክፍል አትታይም። ሀውራ ስልኳን አንሥታ በጓሮ በኩል ወጣች። ጓዳው ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ግቢው ውስጥም የለም። ወደ ሐይቁ ዳር መሮጥ ጀመረች፤ እየሮጠችም የሚከተለውን ለዑበይዱላህ ጻፈች። «ቀኑን ታውቀው ነበር። ሰዓቱን ታውቀው ነበር። ልትጠብቀኝ ሳይሆን ልታስቀረኝ ነው። ከእንግዲህ አትፈልገኝ።»

በእልፍኙ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ተነሥቶ ነበር። ሼህ አብዱልከሪም እንግዶቻቸውን አስቀምጠው፣ ቀጠሯቸው ጨረቃዋ በታየች ማግስት እንደነበረ አስታወሷቸው።

«ታዲያስ» አሉ ሐጂ ሙሐዲን፤ «ትናንት ታይታ የለም?»

«ማን አያት?»

«ልጁ ታይታለች ብሎን ነው። የእኔ ዓይን እንደሆን ታውቀዋለህ፤ እንኳን ጨረቃ በሬም አይለይ።»

«ትናንት ማታ ሰማዩ ደመና ነበር፤ በዚህ አገር ማንም አላያትም» አሉ ሼሁ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ያላየውን ታየ የሚል ሰው ምስክርነቱ አይያዝም። ምስክርነቱ ለማይያዝ ሰው ልጄን አልሰጥም።»

ጋሽ ቢያድግልኝ ነገሩን ለማለስለስ ሞከሩ። ወጣት በመቸኮሉ እንደማይፈረድበት፣ ራሳቸውም በዚያ ዕድሜ ሳሉ ለቀጠሮ ዶሮ ሳይጮህ ይነሡ እንደነበር ተናገሩ። ሼሁ ፈገግ አሉ፤ ቃላቸውን ግን አላነሡም። ሽማግሌዎቹ ያለ መልስ ወጡ።

ሀውራ ከሐይቁ ዳር ደርሳ፣ ተገልብጣ ከተቀመጠች ጀልባ ላይ ተቀመጠች። ስልኳ ሲገናኝ ሰዓቱ አልፏል። የጠያቂዎቹ ሰብሳቢ፣ ሽበት የወረሳቸው ሴት፣ ልንዘጋው ነበር አሏት፤ ምን እንደገጠማትም ጠየቋት። የመብራት መጥፋት ወይም ሌላ ሰበብ ማቅረብ ትችል ነበር። ነገር ግን በዚያ ቤት ያደገ ሰው ሐሰት አይቀናውም፤ እውነቱን ነገረቻቸው። ዛሬ እሷን ለማጨት ሽማግሌዎች እንደመጡ፣ ቀጠሮው በጨረቃ እንደነበረ፣ እነሱ ግን አንድ ቀን ቀድመው እንደደረሱ ተናገረች።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ጨረቃ አንዲት ናት። ለእነሱ ትናንት ታይታ ለእናንተ ሳትታይ እንዴት ልትቀር ትችላለች? እስኪ ይህን አስረጂን።»

ሀውራ ቁጣዋ ገና አልበረደም ነበር፤ ጥያቄው ግን የሙያዋ ነው። ትናንት ማታ ጨረቃዋ ከፀሐይ ጋር ከተገናኘች ገና ጥቂት ሰዓት እንደሆናት አስረዳች። ከፀሐይ ጥቂት ብቻ ዘግይታ ስለጠለቀች ብርሃኗ ከምሽቱ ወጋገን አይለይም፤ ደመናው ባይኖርም እንኳ በባዶ ዓይን የሚያያት ሰው አይገኝም። ዛሬ ግን በግልጽ ትታያለች።

«ስለዚህ በእኛ ዘንድ ወሩ የሚገባው ዛሬ ማታ ነው። በዓይን ሳይሆን በስሌት በሚቆጥር አገር ግን ወሩ ትናንት ገብቷል። ለምሳሌ በሳውዲ የሚታተመው መቁጠሪያ...»

ንግግሯ ተቋረጠ። ማዕበሉ ጀልባዋን ቀስ ብሎ ይመታል።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድን ሰው በከንቱ እንደወቀስሁ አሁን ገባኝ። ከሳውዲ የመጣ ነው። ስልኩ ዛሬም የሚቆጥርለት በዚያ አገር አቆጣጠር ነው።»

ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንደኛው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው እንደ ዝናብ ወረደባት፤ እሷም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትደናቀፍ መለሰች።

ስትጨርስ ወደ ሱቁ ሮጠች። ዑበይዱላህ መልእክቷ የተጻፈበትን ስልክ በእጁ ይዞ ቆሟል፤ ሐጂ ሙሐዲንም የሼሁን ቃል አድርሰውታል። ፊቱ ዐመድ መስሏል። የስልኩን መቁጠሪያ አሳየችው፤ የተቀመጠው በሳውዲ አቆጣጠር ነበር። ከተመለሰ ጀምሮ አልቀየረውም። የሀውራ ቃለ መጠይቅና የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ በአንድ ቀን እንደዋሉ አይቶ ነበር፤ ነገር ግን ዘጠኝ ሰዓት የተባለውን በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ ቃለ መጠይቁ በጠዋት የሚያልቅ መስሎት ነበር። ይህም የስደት ልማድ ነው።

«በድዬሃለሁ» አለችው። «አውፍ በለኝ።»

«እኔስ? አባትሽ ውሸታም ነው ብለዋል እኮ። ስልኩ ነው ብዬ ልንገራቸው?»

«እውነቱን ንገራቸው።»

በዚያ ማታ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ሼህ አብዱልከሪምና ጥቂት ሽማግሌዎች ከመስጊዱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቆመው ወደ ምዕራብ ይመለከታሉ። ዑበይዱላህ ወጥቶ ከፊታቸው ቆመ፤ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ሼህ፣ ታይታለች ያልሁት እኔ ነኝ። አላየኋትም ነበር። ስልኬ የነገረኝን ነው እንዳየሁ አድርጌ ያወራሁት። ስልኩ በስሌቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትሁት ያላየሁትን ታየ ያልሁት እኔ ነኝ።»

ሼሁ ትክ ብለው አዩት። ሰበብ ሊያቀርብ የሚችል ሰው ሰበቡን ሲተወው ማየት በዘመናችን ብርቅ ነው፤ እርሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር።

«አሁንስ?» አሉት። «ታያታለህ?»

ዑበይዱላህ ቀና አለ። ከተራራው ጫፍ በላይ፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ብርሃን ተሰቅላለች።

«አያታለሁ።»

«እንግዲያው ማግስቱ ነገ ነው፤ ሽማግሌዎችህን ላክ።»

ሐጂ ሙሐዲንና ጋሽ ቢያድግልኝ አርብ ከጁምዓ በኋላ መጡ፤ መልሱም ተሰጠ። በሳምንቱ ያ የተለመደ መልእክት በሀውራ ስልክ ላይ ሲደርስ፣ አዲስ ከተቀጠሩ ተመራማሪዎች ስም መካከል የእሷ ስም ከነ አባቷ፣ ከሐይቅ ከተማ ጋር ተጽፎ ተገኘ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ዑበይዱላህ ሱቁን ዘግቶ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ዜናውን ይነግር ጀመር፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ጥቂት ቢሆንም «ማሻአላህ» ያላለ ግን አልነበረም።

ኒካሑ ከጉዞዋ በፊት ታሰረ። ሙሽራው የሚሰጣትን መህር እንድትጠራ አባቷ በጠየቋት ጊዜ ሀውራ አስባ ቆይታ መለሰች።

«ትምህርቴን ሳልፈጽም ተመለሺ እንዳይለኝ። መህሬ ይህ ነው።»

ሼህ አብዱልከሪም በልጃቸው ሠርግ ቀን እንኳ ቃል ያለ ቦታው ሲውል አላለፉም።

«ይህ ሸርጥ፣ የውል ግዴታ ነው፤ ይጻፋል፤ እሱም ይፈርማል። መህር ግን ዋጋ ያለው ነገር ነው። ጥሪ።»

«እንግዲያው... ወፍራም ካፖርት። አገሩ ብርድ ነው አሉ።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ዑበይዱላህ ሸርጡን ፈረመ፤ በማግስቱም ደሴ ወጥቶ የገዛውን ካፖርት በጥቅል አስሮ ለሼሁ አስረከበ። ሼሁ ጥቅሉን ፈቱት፤ ውስጡ ሁለት ካፖርቶች ነበሩ፤ አንዱ የሴት፣ አንዱ የወንድ።

«ይህስ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ ሼህ። ተመለሺ አልላትም ብዬ ፈርሜያለሁ። አልከተላትም ብዬ ግን አልፈረምሁም።»

ሼህ አብዱልከሪም ወረቀቱን አንሥተው ከዓይናቸው አስጠግተው ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበቡት። ሀውራ ከበሩ አጠገብ ቆማለች።

«አይከለክልም» አሉ፣ ወረቀቱን አጥፈው። «ቃሉ ግልጽ ነው።»