ባዶ እጄን ስመዘን

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። በ2001 ዓ.ም. ኅዳር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ገበያ። ፀሐይ ነበረች፤ ሰውም ሞልቶ ነበር።

መነሻው ግን ከሰባት ዓመት በፊት ነው።

ያን ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ቆመ። ሰሊጡ ባንዴ ደረሰ። ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። የወባ ንዳድ ገባብን። ከአገር ቤት ለአጨዳ ከሄድነው ከአሥራ አንዳችን ሦስቱን ቀበርን።

የምናጭደው ሁለት ሁለት ሆነን ነው። አንዱ ከወደቀ ጓደኛው አዝሎ መንገድ ያደርሰዋል። ሕጋችን ነው።

የእኔ ጓደኛ ዓለምነው ነበር፤ ፊዚክስ ያስተምር የነበረ ሰው። በፊተኛው ዓመት አጨዳ ስወድቅ ግማሽ ቀን አዝሎኝ ነበር።

"አያ ካሣ፣ ከዓለሙ ቁስ የሚበዛው አይታይም" አለኝ አንድ ቀን።

"ካልታየ በምን አወቃችሁት?"

"በክብደቱ። ከዋክብቱን ይስባል።"

"ሰይጣን ነው በለኛ።"

"ሰይጣንማ ይታያል። ጠዋት ጠዋት አንቱን ይመስላል።"

ሳቅን።

"ሱፐርሲሜትሪ የሚሉት አለ" አለ። "የምናውቃት ቅንጣት ሁሉ ከባድ፣ ስውር አቻ አላት ይላሉ። ምናልባት የማይታየው እሱ ነው። ግምት ነው፤ ያገኘው የለም። በሰውነታችን ቢያልፍም አይሰማንም።"

በሳምንቱ ወደቀ።

ዛፍ ሥር አስተኝቼው ወደ መንገዱ ሄድኩ። አጫጆቹን የሚመልሰው ሎሪ ሊነሳ ነው።

"ሰው ቀረ?" አለ የእርሻው ወኪል በድሩ።

ዛፉ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሎሪው አይጠብቅም። ደክሞኛል...

"የለም" አልኩ።

በማግሥቱ ተመለስኩ። የተኛበት ሣር ተጋድሟል። እሱ የለም።

ከዚያ ወዲያ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆንኩ።

በዚያ በ2001 ኅዳር የገበያው መዛኝ ሙዘይን ሊቀልድብኝ ፈለገ።

"አንተ ሽማግሌ፣ አጥንት ብቻ ቀርተሃል። እስቲ ውጣ።"

ባዶ እጄን ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።

መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ... እኔ ስልሳም አልሞላ።

"ምን ይዘሃል?"

"ምንም።"

ወረድኩ። እሱ ወጣ። ሚዛኑ ደህና ነው። እንደገና ወጣሁ።

መቶ አሥራ ሁለት።

ሙዘይን "ቢስሚላህ" ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ።

ጀርባዬ ጋለ። የንዳድ ግለት ነው፤ አውቀዋለሁ። ጆሮዬ ሥር አንድ ሰው ተነፈሰ...

"አያ ካሣ... ሰው ቀረ?"

"አንተ ቀርተሃል" አልኩት። "የተውኩህ እኔ ነኝ።"

ሎሪ አልተሳፈርኩም። እጆቼን ሰው እንዳዘለ ወደ ኋላ አቆላልፌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ስድስት ቀን በእግሬ ሄጄ ገላባት ደረስኩ። ያየኝ ሁሉ አበደ ብሏል። ድንበሩን ተሻግሬ መተማ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መቃብር ቆፈርኩ።

ጀርባዬን ወደ ጉድጓዱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። እጆቼን ፈታሁ።

ቀለለኝ።

ዞሬ አየሁ። ጉድጓዱ ባዶ ነው።

የቆፈርኩትን አፈር መለስኩ። በእግሬ ጠቀጠቅኩ። ደግሜ መለስኩ፣ ደግሜ ጠቀጠቅኩ...

አፈሩ ተረፈ። በሰው ልክ።