የጥቁሩ ድኩላ ምስክር

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን ዝጉት፤ የዘጋው ሰው ደግሞ መቀርቀሪያውን አንዴ ይሞክረው። ኩራዙን ዝቅ አድርጉልኝ። የፈራ ካለ ከአሁኑ ወደ መሀል ይግባ፤ በኋላ እየተጋፋ ቢመጣ አላስጠጋውም።

ጊዜው ድሮ ነው። ሰዓቱ እንዳሁኑ ነው፤ ሰው እራቱን በልቶ፣ ከብቱ በረቱ ውስጥ የሚያመሰኳበት ሰዓት። ጨረቃ የለችም። ከመንደሩ ወደ ሸለቆው የሚወርድ አንድ ቀጭን መንገድ አለ፤ ግራው ቁልቋል፣ ቀኙ ገደል። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይወርዳል። ማን ነው? ጓንጉል ነው። ምን ሊሠራ? ሊያድን። ምን ሊያድን? ቆዩ እንጂ፣ ምን ያስቸኩላችኋል?

ጓንጉል ከጠመንጃው ይልቅ አፉ ሩቅ የሚመታ ሰው ነበር። ድግስ ካለ ተነሥቶ ይፎክራል። ነብር ገደልኩ ይላል። «ቆዳው የታለ?» ሲሉት፣ «ጅብ በላው» ይላል። ከርከሮ ገደልኩ ይላል። «ጥርሱ የታለ?» ሲሉት፣ «ገደል ገባ» ይላል። የዚያ ሰው ንብረት ሁሉ ገደል ነበር የሚገባው።

በዚያ አገር ደግሞ ደንብ አለ። ገዳይ ሲፎክር አንድ ሰው ተነሥቶ «አይቻለሁ» ካላለለት አናቱ ላይ ቅቤ አይደረግለትም። የጓንጉል ሚስት አንጓች ወንድም ነበራት፣ ሽታሁን የሚባል። ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ሲናገር ያስቀይማል። ጓንጉል ፎክሮ ፎክሮ ላቡን ሲጠርግ፣ ሽታሁን ከጥጉ ሳይነሣ፣ ብርሌውንም ሳያስቀምጥ፣ «ማን አየ?» ይላል። ሌላ ምንም አይልም። ሰው ሁሉ ይስቃል።

እንዲህ እንዳለ የጓንጉል ልጅ ሠርግ ለጥር ተቆረጠ። የሙሽራው ወገኖች ከወንዝ ማዶ ናቸው፣ ስም ያላቸው አዳኞች። እስቲ አስቡት፤ በእነሱ ፊት «ማን አየ?» ቢባል ጓንጉል ምን ይውጠዋል? ሞት ይሻለዋል። ስለዚህ ማለ። የሸለቆውን አሮጌ ድኩላ ገድዬ ቀንዱን ዳሱ ምሰሶ ላይ ካልሰቀልኩ ወንድ አይደለሁም አለ።

ድኩላ ታውቃላችሁ? ቀን የምታዩት እንስቷንና ግልገሉን ነው። ወንዱ ሲያረጅ ሌላ ነው። ሰው ሲያረጅ ይሸብታል፤ ወንድ ድኩላ ሲያረጅ ይጠቁራል። ብቻውን ይሆናል። ቀን ጥሻ ውስጥ ይተኛል፤ ሲጨልም ይወጣል። ሲቆጣ እንደ ውሻ ይጮኻል።

ታዲያ ጓንጉል ምን አደረገ? እሱም ቀን እየተኛ ማታ ይወጣ ጀመር። እንዳይታይ ፊቱንና ፂሙን ጥላሸት ተቀባ። እንዳይሰማ ብቻውን ሆነ። ገላ መታጠብም ተወ፤ ይህን የትኛው አዳኝ እንደመከረው አንጓች ብታውቅ ኖሮ ሰውየውን በለበለበችው ነበር። ጎረቤት፣ «ባልሽ የታለ?» ሲላት፣ «እኔ ምን አውቄ፤ እሱ እንደሁ ቀን አይወጣም» ትላለች። ይህን ያዙልኝ።

ያን ዕለት ማታ ወረደ። ሲራመድ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ቆመ፤ ኮቴውም ቆመ። ሄደ፤ ኮቴውም ሄደ። ከሸለቆው ውስጥ አንድ ነገር እንደ ውሻ ጮኸ። በሸለቆው ውሻ አለ? የለም። ጓንጉል፣ «ድኩላዬ ነው» ብሎ ደስ አለው። ሞኝ ሰው የሚፈራበትን አያውቅም።

ዋርካው ሥር ደረሰ፤ ሊቀመጥ ሲል አንድ ሰው ቀድሞት ተቀምጧል። ጥቁር በርኖስ ለብሷል፤ ቆቡን እስከ ዓይኑ ደፍቷል። እርጥብ ቆዳ እርጥብ ቆዳ ይሸታል። እናንተ ብትሆኑ ትሮጡ ነበር። ጓንጉል ግን ሌላ አዳኝ ሊሻማው የመጣ መሰለውና ተናደደ።

«ማንን ትጠብቃለህ?» አለው።

«አንድ ሽማግሌ ወንድ» አለ ባለበርኖሱ። «ቀን አይወጣም።»

«እሱማ የኔ ነው። እኔ ነኝ ስጠብቀው የከረምኩት።»

«እኔም ስጠብቀው ነው የከረምኩት። ብቻውን ነው የሚሄደው።»

«አዎ፣ ብቻውን ነው።»

«ጥቁር ነው። ግን ጥቁረቱ የራሱ አይደለም፤ ጥላሸት ይቀባል።»

ጓንጉል ሳቀ። «ድኩላ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጥላሸት የሚቀባው?»

«ድኩላ ነው ብዬሃለሁ?» አለ ባለበርኖሱ።

አሁን ገባው። እጁ ወደ ፂሙ ሄደ። ባለበርኖሱም ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ሲነሣ ቆቡ ወደቀ። ከቆቡ ሥር ምን ነበረ? ሁለት ቀንድ። ከበርኖሱ ሥርስ? ሰኮና። ጓንጉል ጠመንጃውን ሊያነሣ አለ፤ እጁ ግን እንቢ አለው። በየድግሱ ነብር የገደለው እጅ ያን ጊዜ ጠመንጃውን እንደ ሕፃን አቅፎ ቀረ። ጥቁሩም ዘሎ ደረቱ ላይ በሰኮናው ቆመበትና ይፎክር ጀመር፦

«ዘራፍ፣ እኔ የጥሻው ጌታ፣
ጥላሸታሙን ጣልኩት ማታ፤
ጠመንጃ ታቅፎ እንደ ከዘራ፣
ዋርካው ሥር ያገኘሁት ሲፈራ።»

ይህን ብሎ ሊጨርሰው ሰኮናውን ሲያነሣ፣ ከጥሻው ውስጥ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ አንድ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«ማን አየ?»

ጥሻው ሁሉ ሳቀ። ያ ሁሉ ዓይን እዚያ እንደነበረ ጓንጉል ያወቀው ሲስቁ ነው። ጥቁሩ ሰኮናውን እንዳንጠለጠለ ቀረ። አንገቱን ደፋ። አፈረ፤ መንፈስም ያፍራል።

«ይሄ ማነው?» አለ ጓንጉል ከሥር ሆኖ።

«የሚስቴ ወንድም ነው።»

«አይ ወንድሜ» አለ ጓንጉል፣ ከልቡ አዝኖ። «እኔም አለኝ።»

እንግዲህ በመንፈሶችም ዘንድ ደንቡ ያው ነው፤ የእነሱ እንዲያውም ይብሳል። ከሟቹ ወገን አንድ ሰው ቆሞ «አይቻለሁ» ካላለ ግዳዩ አይቆጠርም። ጥቁሩ ሰኮናውን አወረደና፣ «ሂድ፤ ነገ ማታ ምስክር ይዘህ ና። አንዳችሁን እጥላለሁ፤ አንዳችሁ ያያል። ከቀረህ ግን ምስክሬን ራሴ እቤትህ መጥቼ እመርጣለሁ» አለው።

ጓንጉል እስኪነጋ አሰበ። ማንን ልውሰድ ብሎ አይደለም፤ እሱንማ ዋርካው ሥር እንደተኛ ነው የቆረጠው። እንዴት ብዬ ልንገረው ብሎ ነው እንጂ። ፈሪ ነበር፣ እውነቱን እንነጋገር። ሲነጋ ሽታሁን ቤት ሄደ።

«ሽታሁን፣ ዕድሜህን ሙሉ ማን አየ ስትል ኖረሃል። ዛሬ ማታ ና እና አንተው እይ።»

ሽታሁን ምን ይበል? እንቢ ካለ ከእንግዲህ አፉን መክፈት አይችልም። ነጠላውን አጣፍቶ ሄደ።

በዚያ በቀጭኑ መንገድ ላይ፣ «ቅደም» አለ ጓንጉል። «አንተ ቅደም፤ መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ» አለ ሽታሁን። «የለም፣ ምስክር ከፊት ነው፤ ከኋላ ሆኖ ምን ያያል?» አለ ጓንጉል። ሽታሁን ቀደመ።

መንደሩ ያን ሌሊት የውሻ የሚመስል ጩኸት ሰማ። ፉከራም ሰማ። የተኩስ ድምፅ አልሰማም። ጎህ ሲቀድ ጓንጉል ብቻውን ተመለሰ። አንጓች፣ «ወንድሜ የታለ?» አለችው።

«ድኩላ እያባረረ ቆላ ወረደ» አላት። ከዚያ ሄዶ ፊቱን ታጠበ።

ጥር ገባ። ሽታሁን አልተመለሰም። ዳሱ ተጣለ፤ ከወንዝ ማዶ አዳኞቹ መጡ፤ ጠጅ ተቀዳ። ጓንጉል ከሽታሁን ጥግ ሰው አለመኖሩን አይቶ ልቡ ሞላ። ተነሣና፣ «ዘራፍ፣ የጥቁሩ ድኩላ ገዳይ!» አለ። ቀንዱስ? ቀንዱ ገደል ገብቷል። ማን ይጠይቀዋል? የሚጠይቀው ሰው የለም።

ያን ጊዜ ከዳሱ ውጭ፣ ከጨለማው፣ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ።

«ማን አየ?»

የሳቀ ሰው የለም። አንጓች የያዘችው ማንቆርቆሪያ ከእጇ ወደቀ። «የሽታሁን ድምፅ ነው» አለች። «ወንድሜ ነው።»

ጓንጉል ቆሞ ቀረ። ላቡ ሲወርድ ከጆሮው ሥር ታጥቦ ያልለቀቀ ጥላሸት ይዞ ወረደ። ድምፁ ደግሞ መጣ፤ አሁን ከበሩ ላይ ነው። «ማን አየ?»

«እኔ» አለ ጓንጉል። «እኔ አይቻለሁ። ጥቁሩ ሽታሁንን ሲጥለው አይቻለሁ።» ብሎ ተቀመጠ። አንጓች ያን ሌሊት ቤቱን ትታለት ወጣች፤ እሱም እስኪሞት ድረስ ዳግመኛ አልፎከረም።

አንተ ጥጉ ላይ ያለኸው፣ «ማን አየ?» ልትለኝ አፍህን ስትከፍት አይቼሃለሁ። ዝጋው። በዚህ ሰዓት ይህ ጥያቄ አይጠየቅም።

ሽማግሌዎች በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ ይላሉ። ይበሉ። እኔ ግን የምላችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ ስትሄዱ አንዳችሁ ምስክር ነው፤ የትኛችሁ እንደሆነ እስኪነጋ አይታወቅም። በሉ፣ አሁን ኩራዙን ከፍ አድርጉት። መሽቷል፤ ቤቴም ሩቅ ነው። ማነው የሚሸኘኝ?