በየገጹ መሃል የገባው ወረቀት

ሚስትየዋ፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ። ዐሥር ሰዓት ስመለስ ባሌ ከመሰላሉ ሥር ወድቆ ሞቶ አገኘሁት» አለች።

ምድር ቤት የሚኖረው የሟች ወንድም ደግሞ፣ «ውሸቷን ነው! ዘጠኝ ተኩል ላይ ልወጣ ስል ከራሴ በላይ ስትንጎራደድ ሰምቻለሁ። ከቤት ንቅንቅ አላለችም!» ብሎ ማለ።

ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» የሚሏት መርማሪ የሁለቱንም ቃል ጽፋ በረጅሙ ተነፈሰች። የመድኃኒት ቤቱ ሻጭ ሴትዮዋን አላስታወሳትም። አለቃዋ «ሚስትየዋን ይዘሻት ነይ» እያለ ሁለት ጊዜ ደውሏል። ሦስተኛውን አላነሳችም።

ሟቹ የጥንት ግጥሞችን የመጀመሪያ እትም ሰብሳቢ ነበር። ክፍሉ እስከ ጣሪያው መጽሐፍ ነው። ሲወድቅ የውሃ ጆግ ገልብጦ ምንጣፉ ርሷል። መርማሪዋን የከነከናት ግን ጠረጴዛው ላይ በቁሙ የቆመ አንድ መጽሐፍ ነው። ጠርዙ ረጥቧል፤ በየገጹም መሃል ንጹሕ ወረቀት ገብቶበታል።

«ይሄን ያስገቡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ?» አለች ሚስትየዋ። «ዐሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር እጄን ታጥቤ እንኳ አንዱንም አላስነካኝም።»

«እኔንማ በሩ ላይ ነበር የሚያቆመኝ» አለ ወንድምየው።

በማግስቱ ሁለቱንም፣ የሟቹን መጻሕፍት የሚጠርዙትን ሽማግሌም እዚያው ክፍል ሰበሰበች።

«እዚህ ቤት ከረገጥኩ ወር አለፈኝ» አሉ ጠራዡ።

«ኧረ አሁንስ በቃኝ! ሁላችሁም አላየሁም፣ አልነበርኩም ትላላችሁ!» ብላ መርማሪዋ እጇን ስትወረውር ከፊቷ የነበረው ሻይ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ተደፋ። ሚስትየዋ ጨርቅ ልታመጣ ሮጠች። ወንድምየው «ወይኔ ሱሪዬን!» ብሎ ዘለለ። ጠራዡ ግን ደብተሩን አፈፍ አድርገው በቁሙ አቆሙት፤ ከኪሳቸው ሶፍት አውጥተው በየገጹ መሃል ማስገባት ጀመሩ።



«የደፋሁት አውቄ ነው፣ አባባ» አለች መርማሪዋ። «መጽሐፉን እንዲህ ያቆመው ሰው ውሃው ከፈሰሰ በኋላ እዚህ ነበር። እነዚህ ሁለቱ መጽሐፍ ሲረጥብ ምን እንደሚደረግ አያውቁም። ወንድምየው ኮቴ ሰምቻለሁ ሲል አልዋሸም፤ የሰማው ግን የእርስዎን ነው። እሷም አልዋሸችም።»

ሽማግሌው እጃቸውን እንደ ባዕድ እጅ ተመለከቱ።

«ለዚያ መጽሐፍ አዲስ ሽፋን ሳበጅ ጠርዙን ከረከምኩት። የመጀመሪያ እትም ደግሞ ጠርዙ ከተነካ አለቀለት። መሰላሉ ላይ እንዳለ ‹ከእንግዲህ መጽሐፍ የሚያስነካህ ሰው አይኖርም› አለኝ። መሰላሉን ገፋሁት።»

«ወዲያው ሞተ?»

«ስሜን ይጠራ ነበር» አሉ። «እኔ መጽሐፉን እያደረቅሁ ነበር።»

ጠራዡ ከተወሰዱ በኋላ ወንድምየው አንገቱን ደፋ። «ይቅር በይኝ። በአፌ ልገድልሽ ነበር» አለ። ቆይቶም፣ «መጻሕፍቱንስ ምን ታደርጊያቸዋለሽ?»

ሚስትየዋ ሻይ በነካው እጇ ከመደርደሪያው አንዱን ሳበች። መሃሉን ገለጠች።

«ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እሰጣቸዋለሁ» አለች። «የመጣ ሁሉ ይንካቸው።»