ጠዋት ያልተጉመጠመጡት

«ጠዋት ጠዋት እኮ አልተጉመጠመጥኩም» አላት ባዘዘው፣ የፋርማሲውን ጠርሙስ እየመለሰላት። «ሁዳዴ አይደል እንዴ? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ፣ ቅዳሜና እሑድም ቅዳሴ ሳይወጣ፣ እንዴት አፌ ውስጥ ውኃ አስገባለሁ?»

የኔአለም የሞላላትን ወረቀት አየች። አሥራ አራቱም ጠዋት ላይ ራይት ተደርጎበታል። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ልፋትሽ እንዳይበላሽ ብዬ ነው አላት። ደግ ልጅ ነው፤ ደግነቱ አናደዳት።

ደክሟታል። እሷና መዲና ድዳቸው መድማት የጀመረ አሥር ተማሪዎች ፈልገው፣ አምስቱ በተፈላ ጦስኝ፣ አምስቱ በፋርማሲ መጉመጥመጫ ጠዋትና ማታ እንዲጉመጠመጡ ነግረው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እግራቸው እስኪቀጥን ደብረ ማርቆስን ዞረዋል። ጦስኙን መዲና ለሰፈሯ ልጆች አደለች፤ የፋርማሲውን የኔአለም ለሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቿ። ከጦስኞቹ አራቱ መድማት አቆሙ፤ ከፋርማሲዎቹ አንዷ ብቻ። ቲቸር ይታያል ይህን ሲሰማ ለባሕር ዳሩ የሳይንስ ውድድር እናንተን ነው የምልከው ብሏቸዋል። ነገ ጠዋት ወረቀቱን ይረከባቸዋል።

ለቀሩት አራት ጓደኞቿ ደወለች። ሦስቱ እንደ ባዘዘው ናቸው። ሥራነሽ ብቻ ጨጓራዋን ስለሚያማት አልጾመችም፤ መድማት ያቆመላትም እሷ ናት።

ረመዳን እስኪወጣ እንጠብቅ ያለችው እኮ ራሷ የኔአለም ነበረች፤ በጾም ቀን የሚጉመጠመጥ የለም ብላ። የመዲናን ጾም አስባ የራሷን ረሳች። አፈረች።

መዲናን አባቷ ሱቅ አገኘቻትና ሁሉንም ነገረቻት። መዲና ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

«ማን ያውቅብናል ብለሽ ነው?» አለች። «ጦስኙ እንደሆነ ሠርቷል።»

«ሠርቶ ይሆናል። ከፋርማሲው በልጧል ማለት ግን አንችልም።»

«ከፋሲካ በኋላ እንደ አዲስ ልንዞር ነው? እኔ አልቆልኛል።»

«እኔም።»

«ውድድሩስ?»

«ያልፈናል» አለች የኔአለም።

ደንበኛ ገባና መዲና ስኳር ልትመዝን ሄደች። የኔአለም ወረቀቶቹን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ፣ የአራቱን ልጆች የጠዋት ራይት አንድ በአንድ መሰረዝ ጀመረች። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ስትደርስ መዲና ተመልሳ አጠገቧ ቆመች። የተሰረዙትን አየች። ከዚያ የጦስኞቹን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበችው።

«የእኔዎቹስ እውነታቸውን ነው ያለው ማነው?» አለችና፣ ስልኳን አውጥታ ለመጀመሪያው ልጅ ደወለች።